ይሁዳም ተጸጽቶ ነበር

ሀፍረት ንስሐ እየመሰለን ብዙዎቻችን ከእግዚአብሔር ርቀን እንቀራለን። በማቴዎስ ምዕራፍ 27 ይሁዳ ተጸጽቷል፤ 30ውን ብር መልሷል፤ ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱንም በአፉ ተናግሯል። ታዲያ ምን ጎደለው? የሄደበት ደጅ ይመስለኛል። በደሉን የነገራቸው የካህናት አለቆች ጉዳዩ አይመለከተንም ብለው ሰደዱት፤ እሱም ወደ ክርስቶስ ሳይመለስ ብቻውን ሞተ። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ አምርሮ አልቅሷል፤ ግን ከወንድሞቹ አልተለየም። ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲገለጥ ጀልባው እስኪደርስ እንኳ አልታገሠም፤ ውኃው ውስጥ ገብቶ ወደ እርሱ ሄደ። «መጀመሪያ ልስተካከል» እያላችሁ ከንስሐ አባታችሁ የሸሻችሁ፣ እባካችሁ ይህን አስቡ፤ ጴጥሮስ ገና አልተስተካከለም ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ምሕረት ኃጢአትን አያቀልልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት አለው፤ ምሕረትን የድፍረት ፈቃድ የሚያደርግ ስብከት ሞልቷልና። ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ክርስቶስ ክህደቱን እንዳልሆነ አድርጎ አላለፈውም፤ ሦስት ጊዜ የካደውን ሰው ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው፤ በሦስተኛው ጴጥሮስ አዘነ። ቁስሉ ተነካ እንጂ አልተሸፈነም፤ በጎቹን የመጠበቅ አደራ የተሰጠውም በዚያው ንግግር መካከል ነው።