እንግዳው ፊቱን ወዴት ያዞራል?

ዳንግላ ያለውን የወላጆቼን ቤት ማደስ ስጀምር አንዱን ክፍል የፊልም ማያ አደርገዋለሁ ማለቴን የሰማችሁ ወዳጆቼ «ምን ላይ ደረሰ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ አልሆነልኝም። አሁን ክፍሉ አልቋልና ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቪዲዮ ቤት ነው። በልጅነቴ ከገበያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተደፈነ፣ ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው የባሕር ዛፍ አግዳሚ። ቴሌቪዥኗ ከፍ ካለ ቦታ፣ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለች። ባለቤቱ አንዱን ስፒከር በሩ ላይ ወደ ውጭ አዙሮ ስለሚሰቅለው ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። እኛ ሳንቲም ያልነበረን ልጆች ከግድግዳው ሥር ተደርድረን ፊልሙን በጆሯችን እናየው ነበር፤ የሕንድ ሲሆን ዘፈኑን፣ የቫን ዳም ሲሆን ቡጢውን። የፊልም ግማሹ ድምፅ መሆኑን የተማርኩት ያኔ ነው። እናቴ ቪዲዮ ቤቱን በበጎ ዓይን አይታው አታውቅም። አዲስ አበባም የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤቷን «የሰይጣን ቤት» ብላው ነበርና አልፈርድባትም። ጨለማ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ግድግዳ ላይ ማፍጠጥ ለማያውቀው ሰው ያስፈራል።

የቤቱ ዕድሳት ሁለት ክፍል ነበረው። በስተጀርባ በብሎኬት የተሠራ አዲስ ክፍል ይጨመራል፤ አባቴ ያቆመው የጭቃ ሳሎን ደግሞ ፈርሶ በብሎኬት ይተካል። የፊልሙን ክፍል ያሰብኩት አዲሱ ውስጥ ነበር። አራት ሜትር በአራት ሜትር፣ ልስኑ እንደ መስታወት የለሰለሰ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ባለቀ ዕለት መሃሉ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ድምፁ ቶሎ አልሞተም፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እንደ ቆርቆሮ ተንጫረረ። ከዚያ ምን እንደገፋኝ ሳላውቅ ተሻግሬ አሮጌው ሳሎን ውስጥ አጨበጨብኩ። ጭብጨባው እዚያው እጄ ላይ ቀረ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ግንበኛው ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ጀመር። እሳቸውም ገብተው አጨበጨቡ። ከዚያ የሳሎኑን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱና «ይሄን ጭቃ ማነው ያቦካው?» አሉኝ።

«አባቴ ነው፤ ከጎረቤት ጋር በደቦ።»

«የጤፍ ጭዱን አልሰሰተም። ሰንብቶ የቦካ ጭቃ ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ ይህን አላፈርስም።»

ምክንያቱን በኋላ አንብቤ ደረስኩበት። ለስላሳ ሲሚንቶ ድምፅን እንደ መስታወት ይመልሳል። ጭድ ያለበት፣ ወጣ ገባ የሆነ ምርጊት ግን የተወሰነውን ይውጣል፣ የቀረውን በየአቅጣጫው ይበትናል። የአዲሱ ክፍል ካሬ መሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በአራት ሜትር በሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ ገደማ የሆነ የቤዝ ድምፅ ሄዶ ሲመለስ ከራሱ ጋር እየገጠመ ያብጣል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ሲሆኑ ሁለቱ እብጠቶች አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ። ጥግ የተቀመጠው ሰው ደረቱን ይመታዋል፣ መሃል የተቀመጠው ምንም አይሰማውም። ሳሎኑ 4.2 በ5.6 ሜትር ነው፤ አባቴ ይህን አስቦ አልሠራውም፣ ቦታው የፈቀደለት ይኸው ነበር። ማፍረሱን ተውነው፤ የፊልሙም ክፍል ሳሎኑ ሆነ። ምስጥ የበላቸውን ቋሚዎች ቀይረን፣ ግርጌውን በድንጋይ አስረን፣ የተሰነጠቀውን በጭቃ መረግነው። የሽቦ ቱቦዎቹንም ያኔ ነው የቀበርነው። ይህን የምትሠሩ ካላችሁ ከምርጊቱ ወይም ከልስኑ በፊት የስፒከሮቹን ሁሉ መስመር አስገቡ። አንድ ትርፍ ባዶ ቱቦ፣ ውስጡ ገመድ አሳልፋችሁ ተዉ። ነገ ሌላ ሽቦ ሲያስፈልግ ግድግዳ ከመሰርሰር ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት ልምጣ፤ ዝናቡ። ዳንግላ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይወርዳል። በቆርቆሮ ሥር ያደገ ሰው የሐምሌን ከሰዓት ያውቀዋል። ጨዋታው ይቋረጣል፣ ሰው ሁሉ ጣሪያውን እያየ ዝም ይላል። አያቶቻችን በሳር ክዳን ሥር ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ቆርቆሮው ብዙ ገላግሎናል፣ በክረምት ግን ጨዋታችንን ወስዶብናል።

የመጀመሪያው ኮርኒስ የእኔ ስህተት ነው። አናጢው ሊመክረኝ ሲሞክር ወጪ ለመቀነስ ብዬ ቺፕውዱን በቀጥታ ከጣሪያው እንጨት ጋር አስመታሁት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ፕሮጀክተሩን ለሙከራ ከፈትኩ። ዝናቡ ሲጀምር የተዋናዮቹ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለም። ድምፁ በቆርቆሮው፣ ከቆርቆሮው በእንጨቱ፣ ከእንጨቱ በሚስማሩ አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ቺፕውዱ ራሱ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገብ ነበር። እጄን ሰቅዬ ስነካው ንዝረቱ ጣቴ ላይ ይሰማኛል።

አፈረስነው። ሁለተኛው ኮርኒስ ጣሪያውን አይነካም። ከግድግዳ ግድግዳ የራሱ ሞራሌ ተዘርግቶለት ከቆርቆሮው እንጨት አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ቺፕውዱም ድርብ ነው። በመሃሉ ድምፅ የሚውጥ ነገር መሞላት ነበረበት። መጀመሪያ የበግ ፀጉር አሰብኩ። ግን የእኛ አገር በግ፣ የዳንግላ ወይም ዋሸራ የሚባለው፣ በሥጋውና በቁመቱ ነው የሚታወቀው፤ ፀጉሩ አጭር ነው። ሱፍ ያለው የመንዝ በግ ነው። ስለዚህ ሱፉን ተሠርቶ ባለቀበት መልኩ አመጣሁት፤ ያረጁ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሶችን ከዘመድም ከገበያም ለቃቅሜ ኮርኒሱ ላይ አነጠፍኩ። የቀሩትን በጎንና በኋላ ግድግዳዎች ላይ፣ ከግድግዳው አራት ጣት አርቄ ወጠርኳቸውና በቀርከሃ ሸፈንኳቸው። ቀርከሃው የእንጅባራ ነው። በመንገዱ ዳር ወንበርና አልጋ ሠርተው የሚሸጡትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከእነሱ አንዱ መጥቶ በቀጭኑ ሰንጥቆ፣ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት እየተወ ገጠመልኝ። ድምፁ በክፍተቱ ገብቶ ሱፉ ውስጥ ይቀራል። ክፍሉ አሁንም ትንሽ ትንሽ ቀርከሃ ቀርከሃ ይሸታል።

ከፕሮጀክተሩ ይልቅ ኮርኒሱ ብዙ ገንዘብ በላ። አይቆጨኝም። ነሐሴ ላይ ዶፉ ሲወርድ ተቀምጠን የሰው ንግግር ሰማን። ዝናቡ አለ፣ ግን ከሩቅ ነው።

ስለ መብራት ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም የምትኖሩት ነው። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ስትገዙ ግን አስቡበት። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ የጋለው አምፖል ሳይበርድ ይቀራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። እኔ ባለ ኤልኢዲውን መርጬ በስታቢላይዘርና በባትሪ አሠራሁት።

ከሁሉ የከበደኝ መቀመጫው ነው። ለ100 ኢንች ስክሪን ከሦስት እስከ አራት ሜትር መራቅ ይበቃል። እኔም ሁለት ረድፍ ወንበር ወለሉ ላይ በኖራ አሰመርኩ፤ የኋላው ረድፍ ከፍ እንዲል መድረክ ይሠራለታል። እናቴ ገብታ መስመሩን ስታይ ቆየች።

«ሁሉም ወደዚያ ነው የሚያየው?»

«አዎ እማዬ፣ ስክሪኑ እዚያ ነው።»

«እንግዳ ሲመጣስ ፊቱን ወዴት ያዞራል?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ ሳሎን እኮ የአባቴ ለቅሶ የተቀመጠበት፣ የእህቴን ሽማግሌዎች የተቀበልንበት ነው። ወንበሮቹ ሁልጊዜ በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ ነበሩ፤ ሰው ሰውን እያየ ነው የሚቀመጥበት። እኔ የሰውን ጀርባ የሚያሳይ ክፍል ልሠራ ነበር። ማታ እንቅልፍ እስኪነሳኝ አሰብኩበት። መፍትሔው ከዚያው ከአሮጌው ቤት ወጣ፤ መደብ። ከኋላ በኩል፣ መድረኩ ሊሠራ በታሰበበት ቦታ፣ በድንጋይና በጭቃ ሰፊ መደብ ሠራን፣ በጎኑም ወደ ግራና ቀኝ ታጠፈ። አጎዛና ትራስ ሲነጠፍበት የኋላው ረድፍ ከፊተኛው ራስ በላይ ያያል፤ ፊልም በሌለ ጊዜ ደግሞ ሦስቱ ክንድ እርስ በርሱ ይተያያል። ፊተኞቹ የቀርከሃ ወንበሮች ቀላል ስለሆኑ ዞረው ክበቡን ይዘጉታል። ረከቦቱ መሃል ይገባል።

መጀመሪያ ያሳየኋቸው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘውን። ባለ ታሪኩ አንበርብር ከጀርመን ወደ እናቱ አገር፣ ወደ ጣና ዳር ይመለሳል። እናቴ ጸጥ ብላ አየችው። ሲያልቅ «ያች እናት» ብላ ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲህም አልጨመረችበትም።

ግን ያን ክፍል ክፍል ያደረገው ሌላ ቀን ነው። የእህቴ ልጅ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል በስልኩ ቀርጾ መጣ። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን የሚዘክር ነው። ማታ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ልጁ ስልኩን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘው። ቀረጻው ይንቀጠቀጣል፣ ነፋስ ገብቶበታል። ፈረሶቹ ከሩቅ ብቅ ሲሉ ግን የኮቴው ድምፅ በቤዙ በኩል መጣ፤ መጀመሪያ በመደቡ ጭቃ ሥር፣ ቀጥሎ ደረት ላይ። የፈረሶቹ አንገት ላይ ያለው ጌጥ በሙሉ ይታያል።

ከጎረቤቶቻችን አንድ አዛውንት አሉ፤ በጉብዝናቸው ከዚያ ሜዳ ቀርተው የማያውቁ፣ አሁን ጉልበታቸው የማይፈቅድላቸው። ስኒያቸውን ለእናቴ አቀበሉና በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ቀስ እያሉ ወደ ፊት ሄዱ። ብርሃኑ ውስጥ ገቡና ጥላቸው ግድግዳው ላይ፣ ከፈረሶቹ መሃል ቆመ። አንዱ ልጅ «አባባ፣ ከለሉን» ሊል አፉን ሲከፍት እናቴ እጁን ያዝ አደረገችው። እሳቸው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፈረሶቹ አልፈው አቧራው ብቻ እስኪቀር ድረስ እዚያው ቆሙ።