ጅቡ ያለበት ቀዩ መጽሐፍ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠራርጎ ለኩሶ፣ ጭሱ የቤተ መጻሕፍታችን ንባብ ክፍል ድረስ ገባ። መስኮት ዘግተን ስንስል አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ለምንድን ነው የሚታጠነው?» አለኝ። በ1911 ስለገባው የኅዳር በሽታ ነገርኩት። «ስለሱ መጽሐፍ አለ?» አለ። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» አወረድኩለት። ውፍረቱን አየና «ሥዕል የለውም?» ብሎ መለሰልኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

የተረት ቀን። አራት ሰዓት ሳይሆን ምንጣፉ ሞላ። «ተረት ተረት» ስል ግማሹ «የመሠረት»፣ ግማሹ «የላም በረት» ይላል፤ መጀመሪያው ሁልጊዜ በዚህ ጭቅጭቅ ያልቃል። እኔ አልዳኝም። የተከራከረ ልጅ ጆሮው ይነቃል።

ዛሬ ተራው የስንዝሮ ነበር። ቁመቱን ሳልናገር ሁሉም መዳፉን ምንጣፉ ላይ ዘረጋ፤ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ የእናቷን ስልክ ተቀብላ በስንዝሯ ለካችና «ቲቸር፣ ስንዝሮ ከስልክ ያጥራል!» አለች። «ታዲያ ሲደወልለት እንዴት ያነሳዋል?» አለ አንዱ። «ይሸከመዋላ!» ከዚያ በኋላ ተረቱ ከእጄ ወጣ። ስንዝሮ ስልክ ተሸክሞ ወንዝ ተሻገረ፣ ካርድ አለቀበት፣ ጅብ ሲመጣበት የስልኩን መብራት ዓይኑ ላይ ቦግ አደረገበት። እኔ ያዘጋጀሁት መጨረሻ ሳይነገር ቀረ፤ የነሱ ይሻላል።

ከኋላ የተቀመጡት ወላጆች እንደ እኔው የአባባ ተስፋዬ ልጆች ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ቴሌቪዥን ለአገሩ ብርቅ በነበረበት ዘመን ተረትን እዚያ ሳጥን ውስጥ ያስገቡ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሲሰጡን እኛም ቤታችን ሆነን ብድግ ብለን እንመልስ ነበር። እንደማይሰሙን ማን ነግሮን!

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣ ካርቶን ከፈትን። የበረዶ ሰው የሚሠሩ ልጆች፣ የግብር ቅጽ አሞላል መመሪያ፣ የዊንዶውስ 95 መማሪያ። ሰጪውን አመሰግናለሁ፤ መደርደሪያውን ግን አልሰጥም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

የካርድ መሳቢያው ወደ ኮምፒውተር እየዞረ ነው። ፕሮግራሙ ኮሃ ይባላል፤ ኒው ዚላንድ ውስጥ ለአነስተኛ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ ለዓለም በነፃ የተለቀቀ ነው። ነፃ መሆኑ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

ለሙከራ «ፀሐይ» ብዬ ፈለግሁ፤ የለም አለኝ። መጽሐፉ ፊቴ ተቀምጧል! መዝጋቢው «ጸሀይ» ብሎ አስገብቶት ኖሯል። ፀ በሁለት ዓይነት ይጻፋል፣ ሐ በሦስት፤ ለአንዲት ፀሐይ ስድስት አጻጻፍ ማለት ነው፤ ሃና ኃ ሳይቆጠሩ። አንባቢ ደግሞ እጁ እንደለመደው ነው የሚጽፈው። የኮምፒውተሩ ባለሙያ ተመሳሳይ ድምፆቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ እንደሚቻል ነግሮኛል፤ እስኪያደርገው ድረስ ሁሉንም አጻጻፍ በየመዝገቡ ሥር እየጨመርኩ ነው።

ስሙም ሌላ ጣጣ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ያስቀድማልና መዝጋቢው ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ አስገብቷቸዋል። የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም ነው የሚመዘገበው፤ በአባቱ ስም የሚፈልገው የለም። ቀኑን ሙሉ አባቶችን ወደ ቦታቸው ስመልስ ዋልኩ።

በዚህ መሀል አንድ ሕፃን «ጅቡ ያለበትን ቀዩን መጽሐፍ» ስጭኝ አለኝ። ተረት በዴዊ አመዳደብ 398.2 ነው፤ ቀይ መጽሐፍ ግን የለንም። ሁሉንም ስናወጣ ተገኘ። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፤ ቀዩ የጅቡ ምላስ ነው። መዝገቡ ግርጌ «ጅብ፣ ቀይ ምላስ» ብዬ ጨመርኩበት። ሙያው አይፈቅድም ይሆናል፤ ልጁ ግን ነገም የሚጠይቀኝ በዚሁ ስም ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ኤአይ የሰጠውን ዝርዝር በስልኩ ይዞ መጣ። ከሀዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች «ፍቅር እስከ መቃብር» እና «የልምዣት» ልክ ናቸው። ሦስተኛውን ሰምቼው አላውቅም። ርዕሱ ያምራል፣ የታተመበት ዓመት ሳይቀር ተጽፎለታል። ካርዱን አገላበጥን፣ ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባዬም ደወልኩ፤ የለም።

«የሌለ መጽሐፍ እንዴት ዓመት ይኖረዋል?» አለኝ ግራ ገብቶት። ኤአዩ መደርደሪያ አይቶ ሳይሆን ከቃሉ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ እንደሚጽፍ ነገርኩት። ባዶ እጁን እንዳይሄድ ኤአዩ የዘለለውን «ተረት ተረት የመሠረት» ሰጠሁት። «ሀዲስ ተረትም ጽፈዋል እንዴ?» አለና እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብ ጀመረ። (ሲመልሰው ለቅዳሜዎቹ ተከራካሪዎች አላሳያቸውም፤ አንዱ ወገን በማስረጃ ይረታል።)

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ተረት በድምፅ የሚያነቡት ታብሌቶች ሥራ ጀመሩ። ፊደል ገና ያልያዘላቸው ልጆች አንዱን ገጽ ደጋግመው እየከፈቱ፣ ቃሉ ሲደምቅ ከድምፁ ጋር አብረው ያነባሉ። እኔ ያን ያህል ደጋግሜ ላንብብ ብል ጉሮሮዬ አይችልም። በዚህ አላማውም።

አንዲቷ ግን ተረቱ መሀል ላይ እጇን አወጣች። ታብሌቱ ያነባል፣ እሷ እጇን እንዳወጣች ትጠብቃለች። ሄጄ አቆምኩትና «እሺ፣ ጠይቂ» አልኳት። «ጅቡ ለምን አልበላውም?» «ለምን ይመስልሻል?» «ጠግቦ ነዋ።» ጎረቤቷ ቀበል አድርጎ «ጅብ አይጠግብም!» አለ። ሌሎቹም ታብሌታቸውን እየተዉ ገቡበት። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ አንድ ታብሌት ለሁለት ልጅ ይሆናል፤ ቢያንስ የሚከራከሩት ሰው ይኖራቸዋል።

ነገሩ አልበርድ ሲል ተያይዘን አጥቢ እንስሳት ወዳሉበት 599 መደርደሪያ ሄድን። ስለ ጅብ ያለን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ሥዕሉን እያሳየሁ ተረጎምኩላቸው፤ በአማርኛ የሚገኝ ካለ እንዲገዛልን ማመልከቻ ጽፌ ወጣሁ።