ክራሩና አዲሱ መሣሪያ

በሮብ ገበያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአባቴን ክራር «ጊዜው ያለፈበት ነው» እያልሁ አቃልለው ነበር። ምኞቴ ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሲንተሳይዘር መማር ነበር።

ዘንድሮ ግን የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ብቻውን የተጫወተውን «ሸሞንሟናዬ» የተባለ ካሴት ሰማሁ። እርሱም የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አስማምቶታል። ሥራው በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ታትሞ በውጭ አገር ብዙ ሰሚ አገኘ።

አዲሱ አሮጌውን እንደማያባርር ያን ጊዜ ተረዳሁ። አባቴን ይቅርታ ጠይቄ ክራሩን አወረድሁ፤ ሁለቱ ክሮች ተበጥሰዋል። አባቴም «በገበያ ቀን ክር ገዝተህ ና፤ አቃኛኘቱን አሳይሃለሁ» አለኝ።