ሳንቲም ተሳሳተ የሚባለው መቼ ነው?

የአሜሪካን ሳንቲም እንደ መጽሐፍ ገጽ ብትገልጡት ጀርባው ተዘቅዝቆ ይታያል፤ የዛሬው የእንግሊዝ ሳንቲም ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ «ዘውዱና ጎፈሩ አልገጠሙም» እያለ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ መጀመሪያ የአታሚውን ደንብ ይንገረን። በመዶሻ ይመታ በነበረው የጥንት ገንዘብማ የላይኛው ማተሚያ በእጅ ሲያዝ አቅጣጫው በየምቱ ሊዞር ይችል ነበር፤ ደንብ በሌለበት ምን ስሕተት አለ? «ብርቅ ከሆነስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት ዲግሪ መዞር ግን ማተሚያው ሲላላ የሚመጣ ተራ ነገር እንጂ ብርቅ አይደለም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1955 የታተመው ድርብርብ ጽሑፍ ያለበት የአሜሪካ አንድ ሳንቲም የተወደደው ጥፋቱ ያለ አጉሊ መነጽር ስለሚታይ ነው፤ እሱም የመጣው ማተሚያው ራሱ ሲቀረጽ ነው። 90 ዲግሪ የዞረ ካገኛችሁ ደግሞ ጠርዙን ፈትሹ፤ ሁለት ሳንቲም ፈልፍለው የሚያጣብቁ አሉ።