የቀድሞው ተከራይ ዕዳ

አዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ገና ዕቃህን አውርደህ ሳትጨርስ በር ይንኳኳል። «እገሌ የለም?» «ለቋል።» እገሌ ለቋል፣ ዕዳው ግን አልለቀቀም። ኢንተርኔት ላይም እንደዚሁ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት የሚጠቀም ማሽን የሚታወቀው በቁጥር ነው፤ አይፒ አድራሻ ይሉታል። የድሮው ዓይነት ጠቅላላ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ማዕከላዊው ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ስላለቀ አንዱ የለቀቀውን ሌላው ይወርሳል፤ ይሸጣል፣ ይከራያል። ታዲያ አንዱ ስፓም ሲረጭበት አድራሻው ጥቁር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሰውየው ጥሎት ይሄዳል፤ መዝገቡ ይቀራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ አይደል?

የባሰው ደግሞ ማንም ያልገባበትን ቤት መክሰስ ነው። የኔትወርክ ባለሙያዎች ገና ለማንም ያልታደሉ ቁጥሮችን «ከዚህ የሚመጣ ሁሉ አጭበርባሪ ነው» ብለው ይዘጉ ነበር። ልክ ነበሩ፤ ቁጥሮቹ እስኪታደሉ ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2002 በ69 የሚጀምሩት ለሰሜን አሜሪካ ሲሰጡ አዲሶቹ ባለቤቶች አንዳንድ ድረ ገጽ አልከፈትላቸው አለ። የዘጋው ሰው ዝርዝሩን አላደሰማ! በ2005 በ41 የሚጀምሩት ለአፍሪካ ሲሰጡም «እባካችሁ ዝርዝራችሁን አድሱ» ማለት ግድ ነበር።

እኔም ደርሶብኛል። ከጓደኞቼ ጋር ለትንሽ ሥራችን ከውጭ አገር ሰርቨር ተከራይተን ነበር። ለአንድ ድርጅት የላክነው ማመልከቻ አልደረሰም፤ «አልደረሰም» የሚል መልስም አልመጣም። ቀኑ አለፈ፣ ዕድሉም አብሮ ሄደ። ስናጣራ አድራሻችን እኛ ሳንገባበት ከዓመታት በፊት የተከሰሰ ኖሯል። ትልልቆቹ መዝገቦች ስናመለክት ሰረዙን። ያልተፈታልን፣ እዚያ ድርጅት ውስጥ አንድ ሠራተኛ በእጁ አስገብቶት ሥራ የለቀቀው ዝርዝር ነው። አቤት እንዳንል፣ በየትኛው ኢሜይል?

መዝጋት አያስፈልግም አልልም። ስፓም ባይዘጋ ኢሜይላችንን መክፈትም ባስጠላን ነበር። ግን የዘጋ ሰው መቼ፣ ለምን እና እስከ መቼ እንደዘጋ ይጻፍበት። ፍርድ ቤት እንኳ ሌባን ሲያስር ዓመቱን ቆርጦ ነው፤ ያውም ሌባውን ራሱን እንጂ ቀጥሎ ቤቱን የተከራየውን አይደለም።