አፈሩን የት ደፋችሁት?

ትናንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ድንጋይ ካባ ላይ ፎርማን ሆኗል። «ቲቸር፣ ነገ አዲስ ቦታ ልንከፍት ነው። ላዩ ላይ ያለውን ጥቁር አፈር ምን ላድርገው?» አለኝ። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። ለምን እንዳፈርኩ ልንገራችሁ።

ከአምቦ ወደ ወንጪ ስትወጡ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ጉድጓድ አለ። አንድ ጊዜ ሐይቁን ላሳያቸው ክፍሌን ይዤ ስሄድ እዚያ አስወረድኳቸው። ካባ ከላይ ወደ ታች በደረጃ በደረጃ እንደሚቆረጥ፣ ከሥር ከቦረቦሩት ግን ናዳው ሰው እንደሚጨርስ አስረዳኋቸው። ባለመሬቱ ሽማግሌ ቆመው ያዳምጡኝ ነበር። ስጨርስ «ባርሲሳ፣ ድንጋዩንስ ይውሰዱት፤ መንገድ ይሠራበታል። አፈሬን የት እንደደፉት ግን ጠይቅልኝ» አሉ።

መጠየቅም አያስፈልግም ነበር፤ ይታያል። ዶዘሩ መጀመሪያ የገፋው ጥቁር አፈር ከታች ተኝቷል፣ በኋላ የወጣው ኮረት በላዩ ተቆልሏል። ገብስና እንሰት ያበቀለው ከሥር፣ ምንም የማያበቅለው ከላይ። ጉድጓዱ ነገ ቢደለደል እንኳ ምን ይዘራበታል? ወንጪ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፣ ሐይቁም የተኛው እዚያው አፍ ውስጥ ነው፤ ድንጋይ ሞልቷል። አፈሩ ግን ስስ ነው፣ አንድ ጣት የሚያህለው ለመፈጠር መቶ ዓመታት ይፈጅበታል። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የላይኛውን አፈር ትርጉም ለፈተና ሳስጽፍ ኖሬ ዶዘር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አንድ ቀን አላስተማርኩም።

ለልጁ ያልኩት ይሄን ነው። የላይኛውን 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ለብቻው ግፈፍ፤ ከታቹ ካለው ጋር አታደባልቀው። እርጥብ ሆኖ አትንካው፣ በጎማ ሲረገጥ ይጠጥራል። ጎርፍ በማይደርስበት፣ ሲኖትራክ በማይዞርበት ጥግ አስቀምጠው። ቁልሉ ከ2 ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ ውስጡ አየር አጥቶ ጥቃቅን ነፍሳቱ ያልቃሉ። ከከረመ ሣር ወይም ባቄላ ዝራበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን አለማስቀመጥ ነው፦ ድንጋዩ ያለቀበትን ጥግ ደልድል፣ ከአዲሱ የገፈፍከውን በቀጥታ እዚያ አልብሰው።

«አለቃዬ ነዳጅ ነው የምታባክነው ይለኛል» አለ። እውነቱን ነው፣ በዚህ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ከአለቃህ ተጣላ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ደመወዜን የሚቆርጠው የለም። ስለዚህ በነዳጅ ቋንቋ አስረዳው አልኩት፦ በቀጥታ ካለበስከው አንዴ ነው የሚጫነው፤ ዛሬ ቆልለህ ነገ ስታነሳው ሁለቴ። ቦታውን መልሶ ማስተካከል ደግሞ በማዕድን አዋጁም ከባለፈቃዱ የሚጠበቅ ነው፣ ውለታ አይደለም።

ዛሬ ረፋድ ፎቶ ላከልኝ። ጥቁሩ ለብቻው፣ ኮረቱ ለብቻው። ጥቁሩ ቁልል አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ግን ግማሹን አያክልም። «በጣም ከፍ ብሏል፣ ዘርጋ አድርገው» ብዬ ጻፍኩለት።

«እሺ ቲቸር፣ ከምሳ በኋላ።»