ሁለተኛው ምርጫ



ባለፈው ዒድ ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ ሆን ብዬ አምሽቼ ገባሁ። ሰፈራችን ውስጥ "የማዕረግ ተመራቂው" እየተባልኩ ነው የምጠራው። አካውንቲንግ ነው የተማርኩት። ዛሬ ግን የአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቆጣሪ ነኝ። "አሁን የት ደረስክ?" የሚለውን ጥያቄ ፈርቼ ነበር።

በዚያ ምሽት ኳስ የሚወደው ታናሽ ወንድሜ ስለ ሃሺም ታቢት አነሳ። "ከስቴፈን ከሪ በፊት ተመርጦ ከንቱ የቀረው" አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሃሺም የዳሬሰላም ልጅ ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። ከዚያ አሜሪካ ገብቶ ለኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። 2 ሜትር ከ21 ነው ቁመቱ። በ2008 እና በ2009 የቢግ ኢስት ሊግ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በመጨረሻው ዓመቱ በየጨዋታው በአማካይ ከ13 ነጥብና ከ10 ሪባውንድ በላይ ያገኝ ነበር፤ ከ4 በላይ ኳስም ብሎክ ያደርግ ነበር። በ2009 ሜምፊስ በኤንቢኤ ምርጫ ሁለተኛ አድርጎ ወሰደው። የመጀመሪያው ታንዛኒያዊ የኤንቢኤ ተጫዋች ሆነ። ጄምስ ሃርደን ሦስተኛ፣ ከሪ ሰባተኛ ነበሩ።

ከዚያስ? በእሱ ቦታ ማርክ ጋሶል ነበረ። ኮሌጅ ውስጥ ቁመቱ ብቻ ይበቃው ነበር፤ እዚህ ግን ረጅሙ ሁሉ ጠንካራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 3 ነጥብ ገደማ አስቆጠረ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ታዳጊው ሊግ ላኩት። ቀጥሎ ሂውስተን፣ ፖርትላንድ፣ ኦክላሆማ ሲቲ፤ ሁሉም ቦታ ተቀያሪ። በ2014 ከኤንቢኤ ወጣ። ሰው ስሙን ለመሳለቂያ አደረገው።

ግን አስቡት፤ "ሁለተኛ" የሚለውን ቁጥር ራሱ አልጻፈውም። ሌሎች ጻፉለት፣ ሌሎችም በሱ መዘኑት። እሱ ግን በኋላ ጃፓንና ታይዋን ድረስ ሄዶ ተጫውቷል።

ይህን ስል ግን ራሴን ለማጽናናት ብቻ አይደለም። እውነቱ የጎደለው ነገር ነበረ። እኔም ጎድሎኛል። የኔ "ቁመት" ፈተና ማለፍ ነበር። ሥራ ፍለጋ ስወጣ "ፒችትሪ ትችላለህ?" ሲሉኝ ዝም አልኩ። ማዕረጌ አልመለሰልኝም። ያፈርኩት በሥራዬ መስሎኝ ነበር፤ ያፈርኩት ግን ሰፈሩ በሰጠኝ ስም ነው።

አሁን ከመግሪብ በኋላ የመጋዘኑ ሒሳብ ሠራተኛ ፒችትሪ ያስተምረኛል፤ አላህ ይስጠው። ቀን ቀን ደግሞ የቆጠርኩት ዕቃ ከደረሰኙ ጋር አንድም ሳይዛነፍ ይገጥማል። ተቀያሪም ቢሆን የገባበትን ደቂቃ በደንብ መጫወት አለበት።

ለሚቀጥለው ዒድ ኢንሻአላህ በቀን እገባለሁ። "የት ደረስክ?" ላለኝ ሁሉ "መጋዘን ነኝ፣ እየተማርኩም ነው" እለዋለሁ።

እናንተስ ሌላ ሰው የሰጣችሁን የትኛውን ቁጥር ተሸክማችሁ ነው የምትዞሩት?